መስኮት የሌለው ወፍጮ ቤት

አንድ ጊዜ፣ የሳል ወረርሽኝ እንስሳትን ሁሉ ባስጨነቀበት ዘመን፣ ጅብ አንድ ወፍጮ ቤት ነበረው። አህያ እህል ትሸከምለታለች፣ በግ ዱቄት ትነፋለታለች፣ ፍየሎችም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው እህል ያበጥሩለታል። ጅብ ነፋስ ዱቄቱን እንዳይወስድበት ብሎ መስኮቶቹን ሁሉ በጭቃ ደፍኗቸው ነበር።

አንድ ቀን በግ ወንፊቷን እንደያዘች ሳል አጣደፋትና ወደቀች። አህያ በጀርባዋ ተሸክማ ቤቷ አደረሰቻትና በቀጥታ ወደ ጅብ ሄደች። ልቧ ፈርቷል፤ እግሯ ግን አላመነታም።

«አያ ጅቦ፣ መስኮቶቹን ይክፈቱልን። ተራርቀን እንሥራ፤ የታመመውም እስኪሻለው ቤቱ ይረፍ» አለችው።

«ዱቄቴን ነፋስ ይብላው? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«እምቢ ካሉ አንበሳ ችሎት እከስዎታለሁ።»

ጅብ ክስ ሲባል እየሮጠ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሄዶ ምክር ለመናት።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለችው ቀበሮ። «ሠራተኞችህን ሰብስብና ‹ብንታመም በራሳችን ነው፣ አያ ጅቦን አንከስም› አሰኝተህ አስምላቸው። የማለ አፉን ይዞ ይቀመጣል።»

«መስኮቱስ?»

«የመስኮቱን ነገር ምን አመጣው?»

በማግስቱ ፍየሎቹ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ፈርተው ማሉ። አህያ ተራዋ ሲደርስ ጆሮዋን አቆመች።

«አንቺስ?» አላት ጅብ።

«መሐላ ሳል አይመልስም። አልምልም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ።»

አህያ ወጣች። ክረምቱን ምን በልታ እንደምታልፈው አታውቅም። ቢሆንም ወደ ቤቷ አልዞረችም፤ ዳገቱን ወጥታ አንበሳ ችሎት ደረሰችና አቤት አለች።

አንበሳ ጅብን አስጠራ፤ ጅብም «መካሪዬ ናት» ብሎ ቀበሮን አስከትሎ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ሠራተኞቼ ወደውና ፈቅደው ምለዋል» አለ ጅብ፣ ቀበሮ እንዳስጠናችው። «ቤቱም ለጤና እጅግ የሚስማማ ነው።»

አህያ ፈቃድ ጠየቀች። «ጌታዬ፣ አያ ጅቦ ራሳቸው የት እንደሚውሉ ይጠየቁልኝ።»

ጅብ ነገሩ አልገባውም። ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔማ ውጭ ዋርካው ሥር ነው የምውለው። እዚያ ሳል መሃል ምን ሊያስገባኝ? አብጃለሁ እንዴ?» አለ።

ቀበሮ ቀስ እያለች ወደ በሩ ተንፏቀቀች።

«ለራስህ የፈራኸውን ለእነሱ አልፈራህላቸውም» አለ አንበሳ። «በፍርሃት የተማለው መሐላ ፈርሷል። መስኮቶቹን በገዛ ጥፍርህ ትከፍታለህ፣ ለበግ እስክትድን ቀለብ ትሰጣለህ፣ አህያንም ወደ ሥራዋ ትመልሳለህ። ቀበሮ፣ ወዴት ነው? ጭቃውን አብረሽው ትፍቂያለሽ።»

ጅብ እያጉረመረመ ጭቃውን ፋቀ። ነፋስ ጥቂት ዱቄት ወሰደበት፤ ሠራተኞቹ ግን ጤና አገኙ። ሌሎች ወፍጮ ቤቶች ሠራተኛው ሁሉ ታሞባቸው ሲዘጉ፣ የእሱ ሳያቋርጥ ፈጨ። በግም ቆይታ ድና ስትመለስ አህያ በር ላይ ቆማ ተቀበለቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ አሠሪ ከክስ የሚድነው የሠራተኛውን አፍ በመዝጋት ሳይሆን ጤናውን በመጠበቅ መሆኑን ነው።