የተገኝ ፊት ያለበት ባጅ

ይህን ያወራችልኝ ጠላ ሻጯ ብርቄ ናት። እድሩ ሲጣላ እሷ እዚያው ድንኳን ውስጥ ጠላ ትቀዳ ነበር፤ ከብርቄ ጆሮ ደግሞ የሚያመልጥ ነገር የለም። እኔ በአጥር ቀዳዳ ያየሁትን ጨመርኩበት እንጂ ከራሴ አልፈጠርኩም። እያወራሁ ብናደድም አትፍረዱብኝ፤ ነገሩ ያናድዳል።

በአንድ ወቅት፣ ያኔ ሶሻሊዝም በተባለበት ዘመን፣ በሰፈራችን ተገኝ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር። ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ሲወዳደር ደጋፊዎቹ ቀይ ክብ የቆርቆሮ ባጅ አሠሩለት። መሃሉ ላይ ፊቱ፣ ከሥሩ ማንኪያ። ማንኪያው «የቀበሌ ሱቅ ስኳር ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል» ማለት ነው፤ ፊደል ያልቆጠርነውም ገባን። ሰፈሩ እጁን አውጥቶ መረጠው። ተገኝ ደግሞ ሞኝ ነው መሰለኝ፣ ያለውን አደረገ! ስኳሩ በጓሮ በር ለትልልቆቹ ሰዎች ሲወጣ ያዘና በስብሰባ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ «ፀረ ሕዝብ» ተባለ። ያው ሰፈር፣ እዚያው አዳራሽ፣ ያንኑ እጁን አውጥቶ «ይታሰር» አለ። ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ሬሳውን እንኳ ያየ የለም።

ከዚያ የቀበሌ ጥበቃዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ባጁን ለቀሙ። ሰዉም ያልሰጠውን ሽንት ቤት ጨመረው፤ ቀጥቅጦ የኩራዝ ክዳን ያደረገውም አለ። የተገኝ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ፈርታ ፎቶውን በሙሉ አቃጠለች። ውድነሽን ወለደችና ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ልጅቷ አባቷ ጥቁር ይሁን ቀይ ሳታውቅ አደገች።

አሁን «ባጁ ለእኔ ይገባል» የሚሉትን ሦስቱን ስሙኝ።

አንደኛዋ አስካለ ናት፣ የውድነሽ የአጥር ጎረቤት። ባል የላትም ተብላ ከስኳር መዝገብ ስትሰረዝ ስሟን ያስመለሰላት ተገኝ ነበር። ጥበቃዎቹ ሲመጡ ባጁን ገለበጠችና ፊቱን ወደ ገላዋ አዙራ የቀሚሷን ደረት ቆለፈችበት።

«ይሄስ ምንድነው?» አሏት።

«መርፌ ቁልፍ ነዋ! ልፍታውና ጡቴን ላሳያችሁ?»

አፍረው ወጡ። መንግሥት ከተለወጠም በኋላ ከቀሚስ ወደ ቀሚስ እያዛወረች እንደዚያው ገልብጣ ለበሰችው። ታዲያ አንድ ቀን ምራቷ አሮጌ ቀሚሷን ለልዋጭ ሰጥታ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለችበት። ባጁ ከነቀሚሱ ሄደ። አስካለ ሳፋውን በእርግጫ ሰነጠቀችው፤ ምን ይሆናል!

ሁለተኛው ሽብሩ ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ረዳት። የዚያን ዘመን እጩዎች ባጅ ይሰበስባል፤ በየከተማው ከልዋጭና ከቆራሌ ጋር ተዋውቋል። ሚስቱ «ቆርቆሮ ነው ያገባሁት» ትላለች። ባጆቹን ደርድሮ ባስቀመጠበት የመስተዋት ሳጥን ውስጥ የተገኝ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር። ልዋጩ ቀሚሱ ላይ ያገኘውን ሲያሳየው፣ ሽብሩ በዚያ ብርድ የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ሰጠና ባጁን ወሰደ። ቤቱ ገብቶ በላምባና በጥጥ ቀስ እያለ ዝገቱን አሸ። የተገኝ ፊት ብቅ አለ።

ሦስተኛዋ ውድነሽ ራሷ ናት። ሽብሩ መስተዋቱን ተሸክሞ እድሩ ስብሰባ መጣና «የሰፈራችን ሊቀመንበር!» ብሎ ሲያሳይ፣ ውድነሽ ተጠግታ አየች። የራሷ ቅንድብ፣ የራሷ አገጭ። ባጁን መንጭቃ በጡጫዋ ጨበጠችው። መርፌው መዳፏ ውስጥ ገባ፤ ደሙ በጣቶቿ መሃል ወረደ፤ እጇን ግን አልከፈተችም።

«ልጄ፣ ክፈቺ» አላት ሽብሩ። «እኔ ጃኬቴን ባልሰጥ ይሄኔ ቀልጦ ድስት ሆኗል። መስተዋቱ ውስጥ ይሁንና ያስያዘው ሁሉ ዓይኑን ይየው።»

«አባቴ የማንም ማሳያ አይደለም። መቃብር የለውም፤ ይሄን ወስጄ እቀብራለሁ።»

«ደግሞ ልትቀብሪው?» ብላ ጮኸች አስካለ። «አንዴ ቀብረውት የለ! እኔ ያን ሁሉ ዘመን ገልብጬ የያዝኩት አንድ ቀን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ በመንገድ ልሄድበት ነው።»

ውድነሽ ዞር ብላ አየቻት። «እማማ አስካለ፣ እሳት ልጭር ቤትዎ ስመጣ የአባቴ ፊት ደረትዎ ላይ ነበር?»

አስካለ ጠላዋን አስቀመጠች። «ነበር። መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ኋላ ደግሞ እንዳትወስጂብኝ ብዬ።»

ይሄኔ የእድሩ ዳኛ ምናሴ ተነሳ። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣ እሱ ነው! «የድሮ ፖለቲካ እድራችን ውስጥ አናስገባ» አለ። ፖለቲካ! የሰው አባት ፖለቲካ ሆነ! ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባጁ ለማን ይሰጥ? እጅ በማውጣት እንወስን።»

ብርቄ ማለችልኝ፤ አንድም እጅ አልወጣም። ሁሉም ጉልበቱ ላይ ያለውን የገዛ እጁን ያያል። ሽማግሌዎቹ አፍረው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደበቁ።

ምናሴ «እስኪወሰን በእድሩ ይቆይ» አለ። ውድነሽም እስኪወሰን ብቻ ነው ብላ፣ ማንንም ሳታስነካ በገዛ እጇ የእድሩ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ባጁ እስካሁን ከእድሩ ድስትና ድንኳን ጋር ተቆልፎበታል። የሽብሩ መስተዋት አንድ ቦታው ባዶ ነው፤ ሰውየው ያለ ጃኬት ይዞራል። አስካለ ደረቷን በተራ መርፌ ቁልፍ ትቆልፋለች። ውድነሽ ቤተ ክርስቲያን አስፈቅዳ ያስቆፈረችው ጉድጓድ ክፍቱን ነው፤ ክረምቱ ውሃ ሞላው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እጅ አታውጡ፤ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። የተገኝ ፊት ለማን ይገባል፦ ደብቃ ላቆየችው፣ ፈልጎ ላገኘው ወይስ ለምትመስለው?