ከእሳቱ የተለየው ቧንቧ

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ከኋላ የቆማችሁም ኑ፣ አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። እናቶች፣ ሕፃናቱን እቀፏቸውና አረፍ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ሽማግሌው ቃሉን ትቶ ጋራዥ ገባ እንዳትሉኝ፤ መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

አንድ ሰው ነበር። ቤቱ ታች አርባ ምንጭ፣ ሥራው ላይ ጨንቻ። በመኪናው ጥጥ ጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ገብስና ቡልኮ ጭኖ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው ነው። ያኔ ዳገቱ ድንጋይና ጭቃ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ትንሽ መኪና አይሞክረውም።

ዕድሜ የሰጣችሁ ታስታውሷታላችሁ። አፍንጫዋ ረጅም፣ በቤንዚን የምትሄድ፣ ቀለሟ ምን እንደነበረ ባለቤቷም የረሳው መኪና። ድምፅዋ ከታች ከጠመዝማዛው ሲሰማ ሸማኔዎቹ ሥራቸውን አቁመው ከደጅ ይወጣሉ፤ «ጥጡ መጣ» ይባላል። እኛ ከላይ ሆነን እንዘምራለን። ጉድጓድ ሲገኝ መዝሙሩ ይቆረጣል፤ ጉድጓዱ ሲያልፍ ከተቆረጠበት ይቀጥላል። ዛሬ አስፋልት አለ፣ መዝሙሩም አይቆረጥም። ታዲያ ለምን እንደዚያ አይጣፍጠኝም? እንጃ።

የሰውየው ስም ሶርሳ ነው። ከጎኑ፣ ጋቢናው ውስጥ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ አማነች ትባላለች። የጨንቻ ሰው ናት፤ ባሏ የተቀበረው እዚያው ደጋው ላይ ነው። ቡልኮ ይዛ ትወርዳለች፣ ጥጥ ይዛ ትወጣለች። ጉልበቷ ሲደክም ልጇ ማዳ፣ ሸማኔው፣ ወደ ቆላው አምጥቶ ከራሱ ጋር አኖራት። ያኔ ሶርሳን አስጠርታ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። «ልጄ ሶርሳ፣ ስሞት እዚህ ሙቀት ውስጥ እንዳታስቀሩኝ። ከባሌ አጠገብ አድርሰኝ።» እሱም በራሱ መኪና፣ በራሱ እጅ እንደሚያደርሳት ቃል ገባላት።

ቃል መግባት ቀላል ነው አይደል? መኪናዋ ግን አርጅታ ነበር። ዳገት ላይ አዳዲሶቹ እየቀደሟት ያልፋሉ። ተሳፋሪው አፉን አይገድብም። «ሶርሳ፣ ወርደን እንግፋት ወይስ ዘመድ እንጥራ?» ይሉታል። አንዱማ በእግሩ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገድ ሲያሳያት ዋለ አሉ። ሶርሳ ይስቃል፤ ሲስቅ ግን ጥርሱ እንጂ ልቡ አይስቅም።

ወዳጁ ሻንካ የሚባል መካኒክ ነው። እሱን አማከረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚያስገባበት የብረት ቧንቧ አለው፤ የተቃጠለውን ጭስ የሚያስወጣበት ደግሞ ሌላ ቧንቧ አለው። የመጀመሪያውን መካኒኮች ማኒፎልድ ይሉታል፤ እኛ ማስገቢያው እንበለው፣ ይበቃናል። በሶርሳ መኪና ላይ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው በብሎን የታሰሩ ነበሩ። ማውጫው እንደ ፍም ይግላል። ማስገቢያው ከእሱ ጋር ተለጥፎ ጥላሸት ለብሶ ይኖራል።

ሻንካን ይህ ነገር ዓይኑን ይበላው ነበር። አንድ ቀን ከታች፣ ከጥጥ እርሻ፣ የቆመ የውኃ መሳቢያ ሞተር አገኘ፤ ከመኪናዋ ሞተር ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የዚያኛው ማስገቢያ ግን ሰፊ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከማውጫው ጋር አይነካካም። ለብቻው ነው።

«ንጹሕ አየር ከጭስ ጋር ተቃቅፎ ምን ይሠራል?» አለው ሻንካ። «እንለያያቸውና ይረፉ።»

ሶርሳ ፈራ። ከፋብሪካ የወጣችው እንዲሁ ሆና እንደሆነ ነገረው።

«ፋብሪካው ያንተን ዳገት መች አየው?»

ፈቱት። ብሎኖቹ ዝገው እንቢ አሉ፤ ግማሹ በዘይት ተለምኖ ወጣ፣ ግማሹ ተሰበረ። አሮጌውን ከጋራዡ አጥር ሥር ጣሉት፣ የሚያብረቀርቀውን አሰሩ። ከዚያ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሜዳ ላይ ሞከሯት። በረረች። ሶርሳ መሪውን ይዞ እንደ ልጅ ሳቀ። ሻንካም ከእንግዲህ ቁርሱ ከሆዱ ሳይወርድ ጨንቻ ላይ ምሳ እንደሚደርስበት ነገረው።

ልብ በሉልኝ። የት ነው የሞከሯት? ቆላ ላይ። ሜዳ ላይ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። የምትኖረው ግን የት ነው? ዳገት ላይ፣ ጉም ውስጥ። እኛስ ራሳችንን የምንሞክረው የት ነው?

በዚያው ሳምንት አማነች ሞተች።

ክረምት ነው። ሌሎቹ መኪኖች ጭነት ይዘው አገር አቋርጠው ሄደዋል። በቆላው ሙቀት ደግሞ አስከሬን ነገን አይጠብቅም። ሶርሳ መኪናዋን አጥቦ ጎህ ሳይቀድ ከበር ቆመ። ሳጥኑ ከላይ ተጫነ። ሳጥኑ ላይ ማዳ ለእናቱ በገዛ እጁ የሸመነው ቡልኮ ተደረበ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ያለበት። ቡልኮውን ለብሳ ልትቀበር ነው። ለቀስተኛው ዙሪያውን ተቀመጠ፤ የቆላ ሰው ነውና ሁሉም ነጠላ ነው የለበሰው። ሻንካም እኔም አብረን ወጣን።

የመጀመሪያዎቹን ጠመዝማዛዎች እንደ ፍየል ወጣቻቸው። ሶርሳ አማነችን አኮራኋት ብሎ አሰበ።

ቀርከሃው የሚጀምርበት ቦታ ስንደርስ ጉሙ ወረደብን። ብርዱም መጣ። መኪናዋ ሳለች። ደግማ ሳለችና ቆመች። ጥቂት አሳርፈው ሲያስነሷት ተነሳች፤ ትንሽ ሄዳ ሞተች። እንደገና አሳረፏት፣ እንደገና ተነሳች፣ ከበፊቱም ሳትርቅ ቆመች። ካፊያው ጀመረ።

ሰው በችግር ጊዜ ሁሉን ያውቃል። አንዱ አማነች ከልጇ መለየት ጠልታ ነው አለ። ሌላው በሸክም እንውሰዳት አለ፤ ጭቃው ጉልበት የሚያሰጥም፣ መንገዱ ሩቅ፣ ሳይደርሱ የሚመሽ ነው። አንድ አዛውንት ደግሞ በቀስታ፣ ማንንም ላለማስቀየም እየተጠነቀቁ፣ እዚሁ መንገድ ዳር ቢቀብሯት እግዚአብሔር እንደማይቀየም ተናገሩ። እውነታቸውን ነው፤ አይቀየምም። ማዳ ግን እጁን ከሳጥኑ ላይ አላነሣም። ሶርሳ የመኪናዋ መውጫ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቃል የገባው እሱ ነዋ።

ሻንካ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያንን የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ዳሰሰው። እንደ ላብ ውኃ ያንጠባጥባል። «ቀዝቅዟል፣ ልክ እንደ...» ብሎ ጀመረና ከላይ ያለችውን አስታውሶ አፉን ያዘ።

ከዚያ ገባው። ቤንዚን በሙቀት ነው እንደ ጭጋግ ሆኖ የሚነደው። ሲበርደው ጠብ ጠብ ብሎ ቧንቧው ውስጥ ይተኛል፤ ሞተሩም ይታፈናል። አሮጌው ማስገቢያ ከጭስ ማውጫው ጋር የተለጠፈው ለዚህ ነበር። ያ እሳት ያሞቀው ነበር። ይሄኛው የተሠራው ለሞቃት አገር ነው፤ ብቻውን ቢቆምም አይበርደውም። ደጋ ሲወጣ ግን ማን ያሙቀው?

«ሶርሳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

«አብረን ነው የፈታነው። አሁን ምን ያሙቃት?»

እዚያው ኩርባው ላይ መንደር አለ። ሴቶቹ የአማነችን ሞት ሰምተው ለአላፊው ለቀስተኛ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ እየቀቀሉ ነበር። ከድስቱ የፈላውን ውኃ ቀድተው አመጡ። ቧንቧው ላይ ሲፈስ ተነፈሰ፣ ጨሰ፣ መኪናዋም ተነሳች። ግን ውኃው ፈስሶ አለቀና ሙቀቱም አብሮት ሄደ። ሙቅ ውኃ የሚይዝ ወፍራም ልብስ ያስፈልግ ነበር። ነጠላ ቢጠቀለልበት ወዲያው ቀዘቀዘ።

በመንደሩም ቡልኮ አልተገኘም፤ አንድ ወፍራም ልብስ ግን ነበረ። ሁላችንም አየነው። ሶርሳ እንኳ ቀና ብሎ አይቶት ዓይኑን መለሰ።

ማዳ ተነሣ። ቡልኮውን ከሳጥኑ ላይ አንሥቶ አጣጠፈና ወረደ።

«እማዬ ከእንግዲህ አይበርዳትም» አለ። «መኪናዋ ግን በርዷታል። እንካችሁ።»

«ማዳ ልጄ፣ ይሄማ አይሆንም። የእናትህ የመጨረሻ ልብስ ነው።»

«ጋሽ ሶርሳ፣ እሷ ካልደረሰች ልብሱ ምን ይሠራላታል?»

በንፍሮው ውኃ ነክረው ቧንቧውን ጠቀለሉት። መኪናዋ ተነሳች። በዝግታ፣ በሰው እርምጃ ሄደች። ሴቶቹ ድስት ተሸክመው ግራና ቀኝ ይራመዳሉ፤ ቡልኮው ሲቀዘቅዝ ያፈሱበታል። የእነሱ ሲያልቅ ከሚቀጥለው መንደር ሌሎች ይቀበሏቸዋል። ሰው ሁሉ ወርዶ በእግሩ ነው። ያን ዕለት ማንም በሶርሳ መኪና አልቀለደም። ጉሙ ሁሉ ባቄላ ባቄላ ይሸት ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች። ከባሏ አጠገብ ጉድጓዷ ተቆፍሮ ይጠብቃት ነበር።

የአገሩ ሽማግሎች ቡልኮውን ሲያዩት ደነገጡ። ዘይት ጠጥቷል፣ ጠርዙ ጠቁሯል፣ የባቄላ ገለፈት ተጣብቆበታል። የሸማኔ አገር ነው፤ ንጹሕ ቡልኮ ከየቤቱ አመጡ። ማዳ ግን አመሰገናቸውና መለሰላቸው። ያንኑ እርጥቡን፣ እድፋሙን አለበሳት። «ሁላችሁም ያሞቃችሁት ይሄ ነው» አለ። እንደዚያው ተቀበረች።

ሶርሳም ሲመለስ አሮጌውን ማስገቢያ ከአጥር ሥር አንሥቶ በቦታው አሰረው። ጥላሸቱን እንኳ አልጠረገውም ይባላል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተስ ከማን ጋር ነው የታሰራችሁት? ጀርባችሁን የሚያሞቀው ማነው? ያቺ ቃሏን የምትደጋግም እናት አይደለችም? ያ የሚጨስ፣ የሚነጫነጭ፣ ግን በታመማችሁ ቀን ከአልጋችሁ ሥር የማይጠፋ ወንድም አይደለም? ጸሎቱ ረዘመብን የምትሉት ሽማግሌስ? እናውቃለን፣ ጥላሸት አላቸው። ሲነኩን ያጠቁሩናል። ለብቻዬ ብሆን እጸዳለሁ፣ አበራለሁ፣ እፈጥናለሁ ትላላችሁ። እውነትም ሜዳ ላይ ትፈጥናላችሁ። ጤና ሳለ፣ ሥራ ሳለ፣ ፀሐይ ሳለ ማን ይቀድማችኋል?

ጉሙ ግን ይወርዳል። ጉም የማይወርድበት ዳገት አላየሁም። ያን ቀን እምነት እንኳ በደረት ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ይተኛል። እግዚአብሔር ሲሠራን አንዳችንን ከሌላው እሳት ጋር ለጥፎ ነው የሠራን። ብሎኑን የምንፈታው እኛ ነን።

ደግሞ ከእናንተ መካከል ዛሬ በርዶት መንገድ ላይ የቆመ ካለ አይፈር። ከኩርባው ማዶ ድስት የጣዱ ሰዎች አሉ። ይጥራቸው። ድስት የጣዳችሁም፣ እስክትጠሩ አትጠብቁ። ቡልኮ የያዛችሁም... ማዳ የሰጠው የተረፈውን አልነበረም። ያለውን አንድ ብቻ ነው የሰጠው።

እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ብዙ አልተማርኩም፤ ብዙም አልለምናችሁም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ደጁን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ የራቃችሁትን ሰው ስም በልባችሁ ጥሩ። እሱን አስታውሱልኝ፤ ይበቃኛል።