የጎረምሳው ጦጣ ክንድ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ።

አንድ ጎረምሳ ጦጣ ከሰኞ እስከ እሑድ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ላይ እየተንጠለጠለ ክንዱን ሲያፈረጥም ይውል ነበር። ኤሊ ከታች አንጋጣ፣ «ልጄ፣ ለእግርህስ የቱን ቀን ተውክለት?» አለችው።

«እማማ ኤሊ፣ እግርን ደግሞ ማን ያየዋል?» ብሎ ሳቀባት።

አንድ ቀን ጫካው በእሳት ተያያዘና መንጋው ሜዳውን አቋርጦ ወደ ወንዝ ሮጠ። ጎረምሳው ግን ሜዳውን ሳያጋምስ ጉልበቱ ከዳው። አሮጊት እናቱ ተመልሳ እንደ ጨቅላ አዘለችው።

ወንዙ ዳር መንጋው ሁሉ ቆሞ ያያል። «ደርሰናል፣ ውረድ እንግዲህ» አለችው እናቱ እያለከለከች።

እሱ ግን ያን የፈረጠመ ክንዱን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመ፣ ፊቱን ከጀርባዋ ቀና ማድረግ አቃተው።