ጋዙ የሚወጣበት ቦታ

አንድ አባት ድሬዳዋ ይኖሩ ነበር። አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። አቤት ያ ጊዜ! ከተማው በሙቀት ሲነድ አባት መስኮቱን ያስዘጉና ኤሲውን ይከፍታሉ። ሁለቱ ልጆቻቸው ከኋላ ሆነው ቀዝቃዛው አየር ወደሚመጣበት አንገታቸውን ለማስገባት ይጋፋሉ። እናት «ኧረ አትገፋፉ!» እያሉ ይስቃሉ። እስከ ደንገጎ ዳገት ወጥተው ነፋስ ተቀብለው ይመለሳሉ፤ ጉዳይ ኖሯቸው አይደለም፣ ለመንሸራሸር ብቻ። እንዲህ ያለ ደስታ ዛሬ የት ይገኛል?

አባት ሲሞቱ መኪናዋ ለታላቁ ልጅ ለሙክታር ደረሰች። ታናሹ ፉአድ ግን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ወንድሙን አኮረፈ። በየኢዱ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና «ያለፈውን አታንሱ፣ አፉ ተባባሉ!» ይሏቸዋል። ይተቃቀፋሉ፣ አብረው ይበላሉ። ወር ሳይሞላ መንገድ ላይ ሲተያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

መኪናዋም እንደዚያው ሆነች። ሙቀቱ ሲመጣ ሙክታር የኤሲ ጋዝ ያስሞላል፤ ጥቂት ቀን ታቀዘቅዛለች፤ ከዚያ የምትተፋው ትኩስ አየር ብቻ ነው።

ዘንድሮ እናት ደከሙ። አንድ ቀን ሙክታርን አስጠርተው፣ «አላህ ሳይወስደኝ በአባታችሁ መኪና ደንገጎን አንዴ ልየው። ሁለታችሁም ካልመጣችሁ ግን ከአልጋዬ አልነሳም» አሉት።

ሙክታር ወደ መካኒኩ ጋራዥ ከነፈ። «ጋሽ ተካልኝ፣ ቶሎ ጋዝ ይሙሉልኝ!»

«አልሞላም።»

«ምነው?»

«አቦ፣ ይሄ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም እኮ! ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። በየዓመቱ የምትሞላው ለማን ነው? ለሰማዩ?»

ጋሽ ተካልኝ ኮፈኑን ከፍተው ቱቦዎቹን ተመለከቱ። ሁሉም ያብረቀርቃል። ሙክታር የአባቱ ማስታወሻ ናት ብሎ ሞተሯን ሳይቀር በጨርቅ ይወለውላት ነበር።

«ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል» አሉት ጋሽ ተካልኝ፤ «ዘይቱ ላይ አቧራ ይይዛል። የት እንደሚያፈስ የሚነግርህ ያ እድፍ ነበር። አንተ ደግሞ ወልውለህ ወልውለህ ምልክቱን አጠፋኸው!»

ከዚያ ትንሽ ጋዝ አስገብተው መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ የሳሙና አረፋ ቀቧቸው። አንዱ ጋ ሲደርሱ አረፋው ፊኛ እየሠራ ተነሣ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ደርቃ ተሰንጥቃለች። ለዓመታት ያስቸገረው ይኸው ነበር።

ሙክታር ፊኛውን እያየ ደርቆ ቀረ። «ያለፈውን አታንሱ» የሚለው የሽማግሌዎቹ ቃል ጆሮው ላይ ደወለ። መኪናዋን እዚያው ትቶ ወደ ፉአድ ቤት ሄደ።

«ፉአድ፣ ምን አደረግኩህ? ዛሬ ሽማግሌ የለም። ንገረኝ።»

 የፉአድ ድምፅ ተሰበረ። «አባባን ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ስትወስዳቸው በእኔ በር ነው ያለፍከው። አልጠራኸኝም። በሕይወት ዳግመኛ አላየኋቸውም።»

ሙክታር እንባው መጣ። ያን ጊዜ ደንግጦ እንደነበር ሊነግረው ፈልጎ ተወው። «እውነትህን ነው። መጥራት ነበረብኝ። አፉ በለኝ፣ ወንድሜ» አለው። ይህን ቃል ስንት ኢድ ተባብለውታል፤ ከልብ የገባው ግን ያን ቀን ነው።

የተሰነጠቀችው ጎማ ተቀየረች፣ ጋዙ ተሞላ። ዓርብ ከሰላት በኋላ ሙክታር ቁልፉን ለፉአድ ሰጠውና ራሱ ከኋላ ተቀመጠ። ዳገቱን ሲጀምሩ ሽበታሙ ሙክታር እንደ ልጅነቱ አንገቱን በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወደ ቀዝቃዛው አየር አሾለከ።

«ኧረ አትገፋፉ!» አሉ ከፊት የተቀመጡት እናት። ሳቁ። ከዚያ አባት ይነዱበት የነበረውን ወንበር አይተው አለቀሱ፤ እንደገናም ሳቁ።

ወዳጆቼ፣ እርቅ ደግ ነገር ነው። ግን የሚያፈሰውን ሳይፈልጉ መሙላት ልፋት ነው። እድፉን ለፍቅር ብለን ብንወለውለውም ቀዳዳው አይደፈንም። እናንተስ በየበዓሉ የምታቅፉት፣ «የቱ ጋ ነው የጎዳሁህ?» ብላችሁ ግን አንድ ቀን ጠይቃችሁት የማታውቁት ሰው የላችሁም?