ፀሐይ የምትሞቀው ቅጠል

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሚያንቀላፋ ወደ ቤቱ ይግባ።

በአንድ ጓሮ፣ አፈር ውስጥ፣ አንዲት ስኳር ድንች ነበረች፤ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ይህንንም ከማንም በላይ የምታውቅ። አንድ ቀን ወደ ላይ አንጋጣ ቅጠሏን፣ «አንቺዬ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ሥራሽ ምንድን ነው?» አለቻት።

«እኔማ ውሃውን ከታች፣ አየሩን ከላይ እቀበልና በአረንጓዴ ጓዳዬ ውስጥ በፀሐይ እሳት ስኳር አበስላለሁ» አለች ቅጠል። «ለመሆኑ ያ ቦርጭሽ ከአፈር የተዛቀ መስሎሽ ነው?»

ስኳር ድንችን ነገሩ አንገበገባት። በዚያው ሰዓት እመት ፍየል በአጥሩ ሾልካ ገባችና፣ «ቤቶች! ይህችን ቅጠል ብቀምሳት ቅር የሚለው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ብይልኝ እንጂ! ሥራ ፈት ናት» አለች ስኳር ድንች ከታች።

ፍየል ደግሞ ሁለቴ አይነገራትም። እስከ ሐረጉ ጋጠችና ሄደች።

ቀናት አለፉ። ከላይ ይወርድ የነበረው ጣፋጭ ቀረ። ስኳር ድንች ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሞት ደጇ መድረሱ ሲገባት፣ ያላትን ጣፋጭ ከገዛ ሆዷ እየቆነጠረች አንዲት ቡቃያ ወደ ላይ ገፋች። ቡቃያዋ አፈሩን ሰንጥቃ ስትወጣ ያ ሁሉ ቦርጭ ሟሽሾ፣ ቆዳዋም ተጨማዶ ነበር።

ትንሿ ቅጠል ተዘረጋችና፣ «እሜቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች።

ስኳር ድንች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምንም ልጄ፤ አንቺ ብቻ ፀሐይሽን ሙቂ» አለቻት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በስኳር ድንች አብሱ።