አባ ኮዳ ያቀደው ድልድይ

እንስሳት ሁሉ አንደበት በነበራቸው ዘመን የሆነውን ላውጋችሁ።

ምንጩ በደረቀበት ሸለቆ አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። ከሾላው ዛፍ ሥር ስትቆፍር እርጥብ አፈር አገኘች፤ ከላዩ የተጋደመውን ድንጋይ ግን ብቻዋን መፈንቀል አቃታት።

በዚያው ሰሞን አንበሳ ሸለቆውን እንዲያለማ አባ ኮዳ የተባለውን ባለረጅም እግር ወፍ ላከ። አባ ኮዳም አንገቱን ሰብቆ፣ ደረቁን መሬት በእርምጃው እየለካ ሲንጎራደድ ከረመ። የተረፉትን ጥቂት እንቁራሪቶች ለቆጠራ ብሎ ሰበሰባቸውና በላቸው።

ጃርቷ ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ ውሃው ሾላው ሥር ነው። ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሁለት ከርከሮዎች ብቻ ይስጡን» አለችው።

«ሐሳብሽ በሚቀጥለው ጥናት ይካተታል። ለጊዜው የታቀደላችሁ ድልድይ ነው።»

«በምን ላይ?»

«በወንዝ ላይ ነዋ።»

«እኛ እኮ ወንዝ የለንም።»

«እሱም ታቅዷል» አላት ኮራ ብሎ።

ጃርቷ ትታው ሄደች። ማዶ ተሻግራ ከርከሮዎቹን ራሷ ለምና አመጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ቆፍረው ድንጋዩን ፈነቀሉት፤ ውሃው ቡልቅ ብሎ ወጣ። በሸለቆው ከምትኖር አንዲት ድኩላ መንታ ግልገሎች አንዱ ግን በጥም አልቆ፣ ውሃውን ሳያይ ሞተ።

አባ ኮዳ ወሬው ሲደርሰው አንበሳን አስከትሎ ለምረቃ መጣ። ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ «ይኸው፣ እቅዳችን ፍሬ አፈራ» እያለ ንግግሩን አስረዘመው።

አንድም ዞሮ ያየው አልነበረም። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውት ይጠጡ ነበር፤ ጃርቷም የተረፈውን ግልገል ታጠጣ ነበር።

ወጌን ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ።