ቀርከሃ ላይ የሚቀመጡት እመት ትርንጎ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ድሮ ድሮ፣ ምስማር አገራችን ሳይገባ፣ ቤቱም ድልድዩም ከቀርከሃ በሚሠራበት ዘመን፣ እመት ትርንጎ የሚባሉ መበለት ነበሩ። ድሃ ነበሩ። ወፍራምም ነበሩ፤ ኧረ እንዴት ያለ ውፍረት! በርጩማ ላይ ሲቀመጡ በርጩማው ይሰበራል፣ ሰው ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ቤታቸው ገብተው ግን ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን አዲስ ጎጆ ተደርምሶ የባለቤቱን እግር ሰበረ። እመት ትርንጎ ፍርስራሹን አገላበጡ። ቀርከሃው ለምለም፣ ገና ጮርቃ ነበር። "መልኩን አይታችሁ ቆረጣችሁት" አሉ። ጎጆው እንደገና ሲሠራ እያንዳንዱን ቀርከሃ በሁለት ግንድ ላይ አጋደሙና መሀሉ ላይ ተቀመጡ። አሥራ አንዱ ተሰበረ። አሥራ አንድ ጊዜ ወደቁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሡ። በቻላቸው ቀርከሃ የተሠራው ጎጆ ክረምቱን ችሎ ከረመ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሳቸው ቤት የሚሠራ ጠፋ። በየቤቱ ይጠራሉ፣ ይከበራሉ፣ ጠግበው ይበላሉ።

ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሊታደስ ሆነ። ቄሱ ግን "ሴት የተቀመጠችበት እንዴት ይሆናል?" ብለው አስቸገሩ።

"አባ፣ እላይዎ ላይ ከሚወድቅ እኔ ብቀመጥበት አይሻልም?" አሏቸው።

ቄሱ መንገድ ለቀቁላቸው። እመት ትርንጎ ተቀመጡ። አራት ቀርከሃ ተሰበረ።

ዘመን ሄደ። እመት ትርንጎ ታመሙ፣ ከሱ። በዚያው ዓመት ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ሆነና ደግፈው አመጧቸው። ተቀመጡ፤ ምንም አልተሰበረም። ሌላው ላይ ተቀመጡ፤ አልተሰበረም። ሕዝቡ እልል አለ። ዝም ቢሉ ክብራቸው እንደተጠበቀ ይኖር ነበር። ያቺ ክብር ብቻ ነበረቻቸው፣ አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው። እሳቸው ግን እንባቸው መጣ።

"አትደሰቱ። ቀርከሃው ጠንክሮ አይደለም፤ እኔ ቀልዬ ነው። የምትሠሩት እናንተ ተቀመጡበት።"

የድልድዩ ሦስት ሠሪዎች ባንዱ ቀርከሃ ላይ አብረው ተቀመጡ። ቀርከሃው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላ፣ የበሰለ ቀርከሃ ተቆርጦ መጣ፤ ድልድዩም በእሱ ተሠራ።

እስከ ዛሬ በእኛ አገር ሠሪው ያልተቀመጠበት ቀርከሃ ለቤት አይውልም። ጉልበቱ የደከመ ሰው ደግሞ "እንደ ትርንጎ ቀለልኩ" ይላል። ይህን ያለ ሰው አይናቅም፤ ተነሥተው ያስቀምጡታል።

እኔም ዘንድሮ ከሠሪዎቹ ጋር ቀርከሃ ላይ ልቀመጥ ሄጄ ነበር። ጉልበቴ እንደ ደከመ አየሁት፤ "ቀለልኩ" አልኳቸው። ሁሉም ተነሡልኝ።